ዊንዶውስ 11 ከገባ ወዲህ ላፕቶፑ ስታክ ያደርጋል፤ ማውሱ ግን ይንቀሳቀሳል

ባዶ ገጽ (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁም። ላፕቶፑ 8ኛ ትውልድ ኮር አይ5 ነው፤ ራሙ 8 ጊጋ፣ ዲስኩ ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ። ከስድስት ቀን በፊት ከዊንዶውስ 10 ወደ 11 አፕግሬድ ተደርጓል፤ ፎርማት ሳይደረግ፣ ፋይሉም ፕሮግራሙም እንዳለ በላዩ ላይ ነው የገባው። በ10 ላይ እንዲህ ያለ ነገር ታይቶበት አያውቅም።

በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ስታክ ያደርጋል። ማውሱ ይንቀሳቀሳል፣ ብሮውዘር ላይ ቀድሞ የተከፈተው ገጽ ወደ ላይ ወደ ታች ይላል፤ አዲስ ነገር ልክፈት ካልኩ ግን ዝም። ስታርት ሜኑም አይከፈትም። ግማሽ ደቂቃ ወይ አንድ ደቂቃ ቆይቶ የነካካሁት ሁሉ በአንዴ ይግተለተላል። አንዳንዴ ጭራሽ ስለማይመለስ ፓወር በተኑን ይዞ ማጥፋት ብቻ ነው። ታስክ ማናጀር ቀድሞ ተከፍቶ ከሆነ ዲስኩ 100% ይላል፣ የሚነበበውና የሚጻፈው መጠን ግን 0 ኪሎባይት ነው። በባትሪ ሲሆን ይብስበታል፤ በተለይ ጥቂት ደቂቃ ሳይነካ ቆይቶ ሥራ ሲጀመር።

እስካሁን የተሞከረ፦ አፕዴቱን ሁሉ ጨርሷል፣ ትርፍ አንቲቫይረስ ወጥቷል፣ ስታርትአፕ ላይ የነበሩት ፕሮግራሞች ተዘግተዋል። ለውጥ የለም። ከየት ልጀምር?

ዝምተኛ ፋን፦

ከመልሱ ግማሹን ራስህ ጽፈኸዋል። ላፕቶፕ ስታክ ሲያደርግ መጀመሪያ እስትንፋሱ የት እንደቀረ ማየት ነው። ካፕስ ሎክን ተጫን። መብራቱ ካልበራና ካልጠፋ፣ ድምፁም አንድ ቦታ ላይ እየደጋገመ የሚጮህ ከሆነ ሲስተሙ ከነከርነሉ (ከዊንዶውስ እምብርት ጋር) ቆሟል፤ ያኔ የሚጠረጠረው ራም፣ ሙቀት፣ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የቦርዱ ፕሮግራም) ወይ የከረመ ድራይቨር (ዊንዶውስን ከዕቃው ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) ነው። ስክሪኑ ደርቆ ዘፈኑ የሚቀጥል ከሆነ ችግሩ ግራፊክስ ላይ ነው። ያንተ ዓይነቱ፣ ማውስ እየሄደ አዲስ ነገር አለመክፈት፣ ከዲስክ ጋር የሚደረገው ንግግር ሲቋረጥ የሚመጣ ነው። ራም ላይ ያለው ይሠራል፣ ከዲስክ መምጣት ያለበት ይቆማል። የተከፈተው ገጽ የሚንቀሳቀሰውና ስታርት ሜኑ የማይከፈተው ለዚህ ነው።

100% ከ0 ኪሎባይት ጋር አብሮ ሲታይ ዲስኩ ሥራ በዝቶበት አይደለም። 100% የሚለው ወረፋው ላይ ሁልጊዜ የሚጠብቅ ትእዛዝ አለ ለማለት ነው፤ 0 የሚለው ደግሞ ዲስኩ መልስ አልሰጠም ማለት ነው። ዊንዶውስ ይጠብቃል፣ ይጠብቃል፣ ጊዜው ሲያልፍ መስመሩን ሪሴት ያደርጋል፤ ከዚያ የተጠራቀመው ሁሉ በአንዴ ያልፋል። ይግተለተላል ያልከው ይሄ ነው።

ግምቱን ለማረጋገጥ የዊንዶውስን ቁልፍና ኤክስን አብረህ ተጫንና «ኢቨንት ቪወር»ን ክፈት። ከግራ «ዊንዶውስ ሎግስ»፣ ከሥሩ «ሲስተም»። በቀኝ በኩል «ፊልተር ከረንት ሎግ» የሚለውን ተጭነህ የኢቨንት ቁጥር የሚጻፍበት ሳጥን ውስጥ 7,51,129,153 ብለህ ጻፍ። ቁጥሮቹ ምን እንደሚሉ፦

129 የዲስክ መስመር ሪሴት ተደርጓል ነው። 153 ለዲስኩ የተላከ ትእዛዝ መልስ አጥቶ እንደገና ተልኳል። 7 ዲስኩ ላይ የማይነበብ ቦታ አለ፤ ይሄ ከመጣ ሌላውን ሁሉ ትተህ ዳታህን አውጣ። 51 ከዲስክ ጋር በሚደረግ የሜሞሪ ልውውጥ ላይ የገጠመ ስህተት ነው።

41 ቁጥር «ከርነል ፓወር» በቀይ ሆኖ ታያለህ፤ አትደንግጥ። ፓወር በተን ይዘህ ባጠፋህ ቁጥር ቀጥሎ ሲነሳ የሚመዘገብ ነው፤ በአግባቡ አልተዘጋሁም ከማለት በቀር ምክንያቱን አይናገርም። ብዙ ሰው 41ን አይቶ ፓወር ሰፕላይ ይቀይራል።

የኢቨንቱን ሰዓትና ምንጩን (ሶርስ የሚለውን) ጻፍልን። ከዚያ በፊት ግን ዋና ዋና ፋይሎችህን ወደ ውጪ ዲስክ ገልብጥ።

ቶሎ ፍታ፦

ወንድሜ፣ አፕግሬድ መቼም ጥሩ ሆኖ አያውቅም። ፎርማት አድርገህ ከዜሮ ጫን፣ ትገላገላለህ። ካልፈለግክ ደግሞ ፓወር ኦፕሽን ውስጥ ገብተህ «አድቫንስድ ሴቲንግስ»፣ «ፒሲአይ ኤክስፕረስ»፣ «ሊንክ ስቴት ፓወር ማኔጅመንት» የሚለውን ኦፍ አድርገው።

ዝምተኛ ፋን፦

ቶሎ ፍታ፣ የፒሲአይ ኤክስፕረሱ ምክር ኤንቪኤምኢ ዲስክ (በፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመር የሚሄድ ኤስኤስዲ) ላለው ሰው ትክክል ነው። የእሱ ዲስክ ግን ሳታ ስለሆነ በሌላ መስመር ነው የሚሄደው፤ ያንን ቢያጠፋው አይነካውም። አንዳንድ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ እንዲያውም ምርጫው ጭራሽ አይታይም።

ፎርማቱም ቢሆን ሊያታልል ይችላል። ከዜሮ ሲጫን ዊንዶውስ የራሱን የሳታ ድራይቨር ይጠቀማልና አንድ ሁለት ቀን ሰላም ይሆናል። ከዚያ በአፕዴት በኩል የአምራቹ ድራይቨር ተመልሶ ሊመጣ ይችላል፤ ያኔ ችግሩም አብሮ ይመጣል፣ ሰውየውም ኤስኤስዲው ነው ብሎ ዲስክ ሊገዛ ይሄዳል። ምክንያቱ ሳይታወቅ ፎርማት ማድረግ ማስረጃ ማጥፋት ነው።

ሽቦ፦

ድራይቨር ከመነካቱ በፊት የዲስኩ ጤና ይታይ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በቂ ነው፣ ነፃ ነው። ላይኛው «ጉድ» የሚለው ሰማያዊ ሳጥን ብቻ አይበቃም፤ ከታች ያለው ዝርዝር ውስጥ ሦስት መስመር ፈልግ። 05 የተበላሹና በመጠባበቂያ የተተኩ ቦታዎች ብዛት ነው። ሲ5 ተጠርጥረው ውሳኔ የሚጠብቁ። ሲ7 ደግሞ በዲስኩና በቦርዱ መካከል ሲተላለፍ የተበላሸ ዳታ ብዛት ነው፤ ሲ7 እየጨመረ ከሄደ ጥፋቱ የዲስኩ ላይሆን ይችላል፣ ማገናኛው ላልቷል ወይም ላፕቶፑ ውስጥ ያለው ቀጭን ሪባን ኬብል ተጎድቷል። ሁሉም ኤስኤስዲ ሦስቱንም አያሳይም፤ ያለውን እይ።

አንድ ነገር ልብ በል፦ ፕሮግራሙ በቀኝ ያሉትን ቁጥሮች ሲጀምር በሄክስ (በ16 መሠረት ባለው አቆጣጠር) ነው የሚያሳየው። 10 የሚመስለው 16 ነው። «ፈንክሽን» ሜኑ ውስጥ «አድቫንስድ ፊቸር»፣ ከዚያ «ሮው ቫልዩስ» ገብተህ ወደ 10 ዴሲ ቀይረው።

የሲ7 ቁጥር ወደ ኋላ አይመለስም፤ ኬብሉ ቢቀየርም የድሮው ድምር እዚያው ይቀመጣል። ስለዚህ ዛሬ ያለውን ጻፍና ስታክ ካደረገ በኋላ አወዳድር፤ የሚፈለገው ጭማሪው ነው።

ባዶ ገጽ፦

ባክአፕ ተወስዷል። ውጤቱ፦ 05 ዜሮ፣ ሲ5 የለም፣ ሲ7 ዜሮ፤ ሁለቴ ስታክ ካደረገ በኋላም ሲ7 ዜሮ ነው። ኢቨንት ቪወር ላይ 7ም 51ም የለም። 129 ግን 23 ጊዜ አለ፣ ሁሉም ከአፕግሬዱ በኋላ፣ ሰዓታቸውም ስታክ ካደረገበት ጋር ይገጥማል። ምንጩ «አይኤስቶር» ብሎ የሚጀምር ስም ነው። 153 ሦስት ጊዜ።

ዝምተኛ ፋን፦

ተገኘ ማለት ይቻላል። «አይኤስቶር» ብሎ የሚጀምረው የኢንቴል ራፒድ ስቶሬጅ ድራይቨር ነው። በላዩ ላይ አፕግሬድ ሲደረግ ዊንዶውስ የድሮ ድራይቨሮችን ይዞ ነው የሚሻገረው፤ ይሄኛው ከ10 ጋር አብሮ የመጣ መሆኑ አይቀርም። ዲስኩ ጥቂት ሲያርፍ ድራይቨሩ የሳታውን መስመር ኃይል ለመቆጠብ ያስተኛዋል። አንዳንድ ኤስኤስዲ ከዚያ እንቅልፍ በጊዜ አይነቃም፤ ትእዛዝ ይላካል፣ መልስ የለም፣ 129። በባትሪና ከእረፍት በኋላ የሚብሰውም ለዚህ ነው፤ ቁጠባው የሚጠነክረው ያኔ ነው።

ሁለት መንገድ አለ። የኢንቴል ራፒድ ስቶሬጅ ፕሮግራም ተጭኖ ከሆነ ክፈተውና «ፐርፎርማንስ» ውስጥ «ሊንክ ፓወር ማኔጅመንት»ን ዲሴብል አድርግ፤ ሪስታርት። ይሄ ቀላሉ ነው፣ ድራይቨር አይነካም።

ፕሮግራሙ ከሌለ ወደ ዊንዶውስ የራሱ ድራይቨር መቀየር ነው። ከመጀመርህ በፊት ግን ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ የዲስኩ መቆጣጠሪያ (ኮንትሮለር) የት እንደተቀመጠ እይ። «አይዲኢ አታ/አታፒ ኮንትሮለርስ» ሥር ከሆነና ስሙ ውስጥ «ኤኤችሲአይ» (የሳታ ዲስክ የተለመደው አሠራር) ካለ ቀጥል። «ስቶሬጅ ኮንትሮለርስ» ሥር ሆኖ «ሬይድ» ወይም «ኦፕቴን» የሚል ካለበት ግን ቁም፤ እንደዚያ በተዘጋጀ ላፕቶፕ ላይ ይሄን ብታደርግ ሲነሳ ሰማያዊ ስክሪን ይሰጥሃል፣ «ኢንአክሰሲብል ቡት ዲቫይስ» ይላል፣ ዊንዶውስም አይገባም። በዚያው ምክንያት ባዮስ ውስጥ ያለውን የሳታ ሞድ እንዳትነካ።

ኤኤችሲአይ ከሆነ፦ ቀኝ ክሊክ፣ «አፕዴት ድራይቨር»፣ «ብራውዝ ማይ ኮምፒውተር»፣ «ሌት ሚ ፒክ»። ከሚወጣው ዝርዝር «ስታንዳርድ ሳታ ኤኤችሲአይ ኮንትሮለር»ን ምረጥ፣ ኔክስት፣ ሪስታርት። ቢበላሽ መመለሻው እዚያው «ፕሮፐርቲስ»፣ «ድራይቨር» ውስጥ ያለው «ሮል ባክ ድራይቨር» ነው።

ዲስኩ በቢትሎከር ወይም በ«ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን» ተቆልፎ ከሆነ 48 አሃዝ ያለውን የሪከቨሪ ቁልፍ አስቀድመህ ወረቀት ላይ ጻፍ። ሲነሳ ከጠየቀህና ከሌለህ በኋላ የሚያግዝህ የለም።

ፋስት ስታርትአፕንም ለጊዜው አጥፋው፤ «ኮንትሮል ፓነል»፣ «ፓወር ኦፕሽንስ»፣ «ቹዝ ዋት ዘ ፓወር በተንስ ዱ» ውስጥ ነው። እሱ በርቶ እያለ «ሻት ዳውን» ስትል ከርነሉ ከነድራይቨሩ ዲስክ ላይ ይቀመጥና ጠዋት ያው ይመለሳል፤ አጥፍቶ ማብራትም ከአዲስ መነሳት አይሆንም። «ሪስታርት» ግን ሁልጊዜ ከአዲስ ነው የሚነሳው። ብዙ ሰው ተቃራኒው ይመስለዋል።

ሽቦ፦

ለሚቀጥለው አንባቢ ልጨምር፣ ጉዳዩ የእሱ ባይሆንም። ስክሪኑ ደርቆ ድምፁ ከቀጠለ የዊንዶውስ ቁልፍ፣ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ቢ አንድ ላይ ተጫኑ፤ ቢፕ ይላል፣ ስክሪኑ ብልጭ ብሎ የግራፊክስ ድራይቨሩ እንደገና ይነሳል። በዚህ ከተመለሰ ምርመራው ግራፊክስ ላይ ይሁን። ሎጉ ላይ ምንጩ «ዲስፕሌይ» የሆነ 4101 ቁጥር ፈልጉ፦ ድራይቨሩ መልስ አቁሞ ተመልሷል ማለት ነው። ዊንዶውስ ለግራፊክስ የሚሰጠው ትእግሥት ሲጀመር 2 ሰከንድ ብቻ ነው። መድኃኒቱ ከላፕቶፑ አምራች ገጽ ለዚያው ሞዴል የወጣውን ድራይቨር መጫን ነው፤ ከዚያ ካልሆነ ወደ ቺፑ አምራች።

ኤኤምዲ ራይዘን ላይ ደግሞ አልፎ አልፎ ለአፍታ ብቻ ድምፁም ማውሱም የሚንተባተብ ከሆነ ባዮሱን አፕዴት አድርጉ። ከፈርምዌር ቲፒኤም (በዕቃው ውስጣዊ ፕሮግራም ላይ የሚሠራ የደህንነት ክፍል) ጋር የተያያዘ ችግር መሆኑን ኤኤምዲ በ2022 አምኖ ማስተካከያውን በባዮስ አፕዴት በኩል አውጥቷል። ባዮስ ስትነኩ ቻርጀሩ ተሰክቶ፣ ባትሪውም ሞልቶ፤ መሃል ላይ ከጠፋ ቦርዱ ሊሞት ይችላል።

ቶሎ ፍታ፦

ራሙስ አይጠረጠርም? 8 ጊጋ ለ11 ያንሳል ይላሉ።

ሽቦ፦

ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀው ዝቅተኛው 4 ጊጋ ነው፤ 8 ለመደበኛ ሥራ ይበቃል። ራም ቢያንስ ኖሮ ዲስኩ ላይ ብዙ ኪሎባይት ሲመላለስ ይታይ ነበር፣ 0 አይልም። የተበላሸ ራም ደግሞ ግማሽ ደቂቃ ጠብቆ ይቅርታ አድርጎ አይመለስም፤ በየቀኑ የተለያየ ሰማያዊ ስክሪን ይሰጣል፣ ወይ ፋይል ያበላሻል። ጥርጣሬ ካለ «ዊንዶውስ ሜሞሪ ዳያግኖስቲክ»ን ማታ አስነስቶ መተው ነው። ያለ ማስረጃ ግን ራም አይገዛም።

ባዶ ገጽ፦

ፕሮግራሙ አልነበረም፤ መቆጣጠሪያው «አይዲኢ አታ/አታፒ» ሥር «ኤኤችሲአይ» የሚል ስም ይዞ ስለነበር ወደ «ስታንዳርድ ሳታ ኤኤችሲአይ» ተቀይሯል። ፋስት ስታርትአፕ ጠፍቷል። ሁለት ቀን ሆነው፣ አብዛኛውን ጊዜ በባትሪ፤ አንዴም ስታክ አላደረገም። 129 አዲስ የለም። እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም።

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ፦ አፕዴቱ ያንን ድራይቨር መልሶ ቢጭነውስ? ወደ 10 የመመለሻው ቀንስ አያልፍብኝም?

ዝምተኛ ፋን፦

አፕዴቱ በ«ኦፕሽናል አፕዴትስ»፣ «ድራይቨር አፕዴትስ» ሥር የኢንቴል ስቶሬጅ ካቀረበልህ ምልክት አታድርግበት። ራሱ ሳይጠይቅ ከጫነው ያው «ሮል ባክ ድራይቨር» ይመልሰዋል። ወር በወር ትልቁ አፕዴት ካለፈ በኋላ ዲቫይስ ማናጀር ገብተህ ስሙን ማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ወደፊት 129 በድጋሚ ከመጣና ምንጩ በዚህ ጊዜ «ስቶርኤኤችሲአይ» (የዊንዶውስ የራሱ ድራይቨር) ከሆነ፣ የድራይቨር ነገር ስላበቃ የኤስኤስዲውን ፈርምዌር ከአምራቹ ፕሮግራም አፕዴት አድርግ።

መመለሻው ከአፕግሬዱ ጀምሮ 10 ቀን ነው፣ «ሴቲንግስ»፣ «ሲስተም»፣ «ሪከቨሪ»፣ «ጎ ባክ»። አንተ ስምንተኛው ላይ ነህ። ቀኑ ሳያልፍ በኮማንድ እስከ 60 ማራዘም ይቻላል። «ዊንዶውስ.ኦልድ» የሚለውን ፎልደር ቦታ ያዘ ብለህ ካጠፋኸው ግን ቀኑ ቢኖርም መመለሻ የለም። እኔ ብሆን አልመለስም፤ የ10 መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፣ ችግሩም የ11 አልነበረም። ፎልደሩን ለማንኛውም እስከ አሥረኛው ቀን ድረስ አትንካው፤ ከዚያ በኋላ ዊንዶውስ ራሱ ያጸዳዋል።

ፋስት ስታርትአፕን ከፈለግክ ከሳምንት በኋላ መልሰው። በኤስኤስዲ ላይ የሚያተርፍልህ ጥቂት ሰከንድ ነው።