ከጣርማ በር ስወርድ ጎማዬ ፈነዳ፤ ኬንያን እንዴት ልወጣው ነው?

ጠያቂ (ደብረ ብርሃን)፦ ሰላም ቤተሰብ። እስከ ሞያሌ በመኪና፣ ከዚያ ናይሮቢ ድረስ በብስክሌት ልሄድ ነው። ለልምምድ ቅዳሜ ከነጓዜ ወደ ሸዋ ሮቢት ወረድኩ። እስከ ጣርማ በር ሰላም ነበር። ከዋሻው በኋላ ፍሬኑን ይዤ ይዤ፣ ደብረ ሲናን እንዳለፍኩ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ። ወዲያው የኋላ ጎማዬ ድው! ቸርኬውን ብነካው ጣቴን ላጠኝ። ፍሬኔ ዲስክ አይደለም፣ ቸርኬውን የሚይዘው ዓይነት ነው። ልቀይረው?

ጠጋኙ፦ ወንድሜ፣ ፍሬኑ ምን አጠፋ? ከ3,000 ሜትር በላይ ተነስተህ 1,300 ገደማ ድረስ ነው የወረድከው። ሳትለቅ ከያዝክ ቸርኬው ምድጃ ይሆናል። ጠበቅ አድርገህ ያዝ፣ ፍጥነቱ ሲቀንስ ልቀቅ። የፊቱንና የኋላውን አፈራርቅ። መሃል ላይ ቆመህ አስበርደው። ለመሆኑ የውስጥ ጎማው ልጣፍ ነበረው?

ጠያቂ፦ ሁለት ቦታ።

ጠጋኙ፦ በቃ፣ ተገኘ። ሙጫው ሲሞቅ ይለቃል። ያልተለጠፈ አስገባ፣ የተለጠፈው መጠባበቂያ ይሁን። የፍሬን ሸራም ትርፍ ያዝ።

መንገደኛው፦ በሞያሌ በኩል ሄጄበታለሁ። አስፋልቱ አሪፍ ነው፣ ነፋሱ ነው ጉድ የሚሠራህ። ከቱርቢ እስከ ማርሳቢት ጥቁር ድንጋይ ብቻ ነው፣ ነፋሱ ደግሞ ፊት ለፊት። ቁልቁለት ላይ እንኳ ፔዳል ካልመታሁ እቆም ነበር! ሌሊት 11 ሰዓት ተነስ፣ ረፋድ ላይ ጥላ ፈልግ። ውሃ ባገኘህበት ሁሉ ሙላ።

ደግሞ እዚያ የሚነዳው በግራ ነው። የመጀመሪያው ቀን አያሳስትም፣ ስለምትጠነቀቅ። እኔ በሦስተኛው ቀን ሻይ ጠጥቼ ስወጣ በቀኝ ገባሁ። የከባድ መኪናው ጡሩንባ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። መሪህ ላይ «ግራ» ብለህ ለጥፍ።

እትዬ፦ ልጄ፣ ሜዳ ላይ ብቻህን እንዳታድር። ፖሊስ ጣቢያ ጠይቅና ግቢያቸው ውስጥ ድንኳንህን ትከል። የነገውንም መንገድ ደህንነት እዚያው ጠይቅ።

መንገደኛው፦ እትዬ እውነት አላቸው። አንድ ነገር ልጨምር፤ ከኢሲዮሎ ወደ ናንዩኪ ዳገቱ ብቻ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። ላይ ስትደርስ ብርዱ ደብረ ብርሃንን ያስናፍቅሃል። ለእሱ የሚሆን ልምምድ ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ሲና ሽቅብ ነው። ቅዳሜ ስትመለስ እንዴት ነበር?

ጠያቂ፦ እ... ብስክሌቷን አይሱዙ ላይ ጭኜ ነው የተመለስኩት።