ቁመትሽ በዛ ተብላ ከባሌት የተመለሰች ልጅ

የኮዬዋ እናት፦
ሰላም የቤቱ ልጆች። የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። 14 ዓመት የሆናትን ልጄን ሦስት ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው በሁለት ታክሲ ከተማ ድረስ እየወሰድኩ ባሌት አስተምሬያታለሁ። ባለፈው ሳምንት አስተማሪዋ "ቁመትሽ በዛ፣ አይሆንሽም" ብሏት መጣች። ከዚያ ወዲህ የምትበላው ለይምሰል ነው። ኩሽና ውስጥ የወንበር መደገፊያ ይዛ መለማመዱንም ትታዋለች፣ ጫማዋ አልጋ ስር ተወርውሯል። ባሌት አልሆን ብሏት በፊልም የታወቀች ፈረንጅ አለች ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?

ጣፎ ሰፈር፦
አለች እንጂ! ኦድሪ ሄፕበርን ናት። በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1929 ብራስልስ ተወለደች፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ግን ባሌት እየተማረች ያደገችው ሆላንድ፣ አርነም ከተማ ነው። መስኮት ተጋርዶ በድብቅ በሚታይ ትርኢት ትደንስ ነበር፣ የሚሰበሰበው ብር ጀርመኖችን ለሚታገሉት ይሄዳል። በ1944 መጨረሻ ብርዱና ረሃቡ አንድ ላይ ገባ፣ ሰው የቱሊፕ አበባ ሥር ቆፍሮ እስከ መብላት ደረሰ። እሷ ያኔ 15 ዓመቷ ነው፣ ልክ በማደጊያዋ።
በ1948 ለንደን የማሪ ራምበርት ባሌት ትምህርት ቤት ገባች። ራምበርትም ተሰጥኦ እንዳላት፣ ግን ቁመቷና በረሃብ የተጎዳው ሰውነቷ ዋና ባሌሪና እንደማያደርጋት ነገረቻት። 1.70 ሜትር ነበረች። በጣት ጫፍ ሲቆም ደግሞ ይጨምራል፣ የሚያነሳት ወንድ ከስር ሊቀር ነው። መብላት ስላለባት በሙዚቃ ትርኢቶች ላይ ከኋላ ከሚደንሱት ጋር ተቀጠረች። በ1951 ኒው ዮርክ ብሮድዌይ ቴአትር ላይ ዋና ተዋናይት ሆነች፣ በ1953 "ሮማን ሆሊዴይ" የተባለው ፊልሟ ወጣ፣ በዓመቱ ኦስካር ወሰደች። ፊልሙን ስታዪ አረማመዷን ልብ በዪ፣ አንገቷንና ጀርባዋን። ባሌቱ የትም አልሄደም።

የሰበታው፦
እህቴ፣ እኔ መጀመሪያ የማየው ምግብ መተዋን ነው። ቁመት ባለመብላት አይቀንስም። ከላይ የተጻፈውን እኮ አንብቢው፣ ሴትዮዋን የጎዳት ቁመቷ ብቻ አይደለም፣ ረሃቡም ነው! ፊልም ደግሞ ቀላል ማምለጫ እንዳይመስላት። እዚህ አገር በባሌትም በፊልምም እንጀራ መብላት ከባድ ነው፣ ሳልዋሽ። ሌላው፣ የኮንዶሚኒየም ሲሚንቶ ላይ እንዳትዘል፣ ጉልበቷን ይጨርሰዋል።

ጋሼ፦
ልጆች፣ ይህቺ ሴት እኮ እኛም ጋ መጥታለች። በ1980፣ በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ዩኒሴፍ ለመጀመሪያ ጊዜ መስክ ሲያወጣት የላካት ወደዚህ ነው። መቀሌ ሄዳ ወላጅ ያጡ ሕፃናት ማሳደጊያ ጎብኝታለች። ጦርነቱ ሲያበቃ እሷም በእርዳታ ምግብ ያገገመች ልጅ ነበረች፣ ረሃብን ከወሬ አልነበረም የምታውቀው። ለልጅሽ ይህንንም ንገሪልኝ።

የኮዬዋ እናት፦
ኑሩልኝ ጋሼ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እራት ላይ አነበብኩላት። ዝም ብላ ስትሰማ ቆየችና ስለ ኦስካሩ ምንም ሳትል "ስንት ነው ያልሽው ቁመቷ?" አለችኝ። ከዚያ የልብስ መለኪያ ሜትሬን ይዛ በሩ ጋ፣ በእርሳስ ምልክት የምናደርግባት ቦታ ላይ ቆመች። 1.68። "ሁለት ሳንቲ ሜትር እበልጣታለሁ" ብላ ሳቀች፣ ማጠሯ ነው እንግዲህ። ፍርፍሩንም ጨርሳዋለች። ፊልሙን ነገ እናያለን፣ መብራት ካልጠፋ።