ቆሞ ሲያድር ካርቡራተሩ ቤንዚን ያንጠባጥባል፤ ይቀየር ወይስ ይጠገን?

የቦርከና ልጅ
ሰላም ጀመዓ። ሞተር ሳይክሌ 150 ሲሲ፣ የህንድ ሥሪት ነው። ሲያድር ከካርቡራተሩ ሥር ከተንጠለጠለችው ቀጭን ጎማ ቤንዚን ይንጠባጠባል፤ ጠዋት መሬቱ ርሶ ይገኛል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሽቅብ ሲወጣም ይታፈናል፣ ብልጭታ የሚሰጠው ካንዴላም ከሰል መስሏል። «የደሴ ከፍታ ነው፣ ካርቡራተሩን ቀይረው» ተብያለሁ። እውነት ነው? ቤንዚኑ አንዳንዴ ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የሚገዛ ነው።

ጦሳ ሥር
አብሽር፣ ብርህን ገና አታውጣ። ሁለት ነገር ተደባልቆብሃል።

ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ገደማ ላይ ናት። ሽቅብ በወጣህ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ቤንዚኑ ግን ያው ነው፤ ስለዚህ ካርቡራተሩ የሚያቀላቅለው የአየርና የቤንዚን ድብልቅ ይወፍርና ሞተሩ ይታፈናል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። ጠፍቶ ያደረ ሞተር ግን አየር አይስብም። ሌሊት የሚንጠባጠበውን ከፍታ አያመጣውም።

ቤንዚን ከሳልባትዮው (ከቤንዚን ታንከሩ) የሚወርደው በራሱ ክብደት ነው። ከካርቡራተሩ ሥር ባለው ኩባያ ውስጥ ተንሳፋፊው ከፍ ሲል አጭሯን መርፌ ወደ ላይ ይገፋና መግቢያውን ይዘጋል። መርፌዋ በደንብ ካልተቀመጠች ኩባያው ይሞላል፤ ትርፉ በዚያች ጎማ ይወጣል። የሃይላንድ ቤንዚን ደግሞ አሸዋና ውሃ ይዞ ነው የሚመጣው። መርፌዋን ክፍት ለማስቀረት አንዲት ቅንጣት ትበቃለች።

ከመፍታትህ በፊት ሞተሩን በመሐል መቆሚያው ቀጥ አድርገህ አቁመው። በጎን መቆሚያ አጋድሎ ሲቆም ብቻ የሚያፈስ ከሆነ የኩባያው የቤንዚን ልክ በትንሹ ከፍ ብሏል ማለት ነው። ቀጥ ብሎም ካፈሰሰ ኩባያውን በካቻቢቴ እጀታ ቀስ አድርገህ ሁለት ሦስቴ አንኳኳው። ማፍሰሱ ቢቆም ቆሻሻ ነበር፤ ግን ነገ ይመለሳል፣ ስለዚህ ፈትተህ እጠበው።

ሐይቅ ማዶ
በጋሼ ላይ ልጨምር። የቤንዚኑን መዝጊያ ዝጋ፣ የኩባያውን ማፍሰሻ ቡሎን ላላ አድርገህ በብርጭቆ ተቀበል። ከሥር እንደ ዶቃ የሚንከባለል ነገር ካየህ ውሃ ነው፤ ቡናማ ዝቃጭ ካየህ ሳልባትዮው ውስጥ ዝገት አለ፣ መርፌ ብትቀይርም ተመልሶ ይመጣል።

ኩባያው ከወጣ በኋላ የተንሳፋፊውን ፒን በኃይል አትምታ። የያዙት ሁለት ምሰሶዎች ተሰባሪ ናቸው፤ አንዱ ከተሰበረ ያኔ ነው ካርቡራተር የምትገዛው። ተንሳፋፊውን ጆሮህ አጠገብ ነቅንቀው፤ ውስጡ ፈሳሽ ከተንቦጫቦጨ ተበስቷል። ካልገባህ ሙቅ ውሃ ውስጥ ድፈቀው፣ ከቀዳዳው አረፋ ይወጣል።

የመርፌዋን ሾጣጣ ጫፍ በብርሃን እየው። ዙሪያውን ቀለበት የመሰለ ጭረት ከያዘ አልቃለች። በጀርባዋ ያለችው ትንሽ ፒን ስትጫን ገብታ ራሷ መመለስ አለባት። መርፌዋ የምትቀመጥበትን መግቢያ በቤንዚን በራሰ ጥጥ ብቻ ጥረግ፣ ብርጭቆ ወረቀት አታስነካው። ዕቃ ቤት «የካርቡራተር መርፌ» ብለህ ከጠየቅህ ከጋዝ ገመዱ ጋር የምትወጣዋን ረጅሟን ሊሰጡህ ይችላሉ፤ አሮጌዋን ይዘህ ሂድ።

የቦርከና ልጅ
ፈታሁት። መርፌዋ ቀለበት ይዛለች፣ ተንሳፋፊው ደህና ነው። የኩባያው ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያው) ግን ለጥጦ በቦዩ አልገባ አለ። ጋሼ፣ ከመግጠሜ በፊት የምሞክርበት መንገድ ካለ ቢነግሩኝ?

ጦሳ ሥር
ጎሚኒው ቤንዚን ጠጥቶ ነው ያበጠው። አየር ላይ ተወው፣ ሲደርቅ ብዙ ጊዜ ወደ ልኩ ይመለሳል፤ ካልተመለሰ ቀይረው። ካርቡራተር ማጠቢያ ስፕሬይ ግን እንዳታስነካው።

አዲሷን መርፌ ስትገጥም፣ ኩባያው ሳይገባ ካርቡራተሩን ገልብጠህ ያዘው። ተንሳፋፊው በክብደቱ መርፌዋን ይዘጋል። በቤንዚን መግቢያው ንጹሕ ጎማ ሰክተህ በአፍህ ንፋ፤ ትንፋሽህ ጨርሶ መቆም አለበት። ቀና ስታደርገው ማለፍ አለበት። ተገልብጦም ካሳለፈ ገና አልዘጋም፣ አትግጠመው።

ኩባያው ውስጥ የቆመችውን፣ ትርፉን ቤንዚን ወደ ጎማው የምታወርደውን ቀጭን የነሐስ ቱቦም አትርሳት። ኩባያው ውስጥ ከቱቦዋ አፍ በታች እስኪደርስ ብቻ ቤንዚን ሙላ፤ ከሥር ከተንጠባጠበ ቱቦዋ ተሰንጥቃለች፣ መርፌዋ ንጹሕ ናት። ብዙ ደህና መርፌ በዚህ ምክንያት ተጥሏል።

ወረኢሉ 150
ማንም ያላነሣው የሞተር ዘይቱን ነው! ቤንዚን በጎማው ብቻ ሳይሆን በሲሊንደሩም ወርዶ ከዘይት ጋር ይቀላቀላል። መለኪያውን አውጥተህ አሽትት፤ ቤንዚን ከሸተተ ወይም ልኩ ከነበረበት ከፍ ካለ ሳታስነሣ ቀይር። የቀጠነ ዘይት ብረቱን ይበላዋል። ይህን ሁሉ ስትሠራ ደግሞ ቡና ከሚፈላበት ከሰል ራቅ በል።

ሐይቅ ማዶ
ማፍሰሱ ከቆመ በኋላ ደሴ ላይ ካንዴላው አሁንም ከጠቆረ መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን እይ። ንጹሕ ከሆነ ዋናውን ጂግለር (ቤንዚን የሚያልፍባትን ባለ ቀዳዳ ቡሎን) በአንድ ቁጥር አሳንሰው። ኮምቦልቻና ከሚሴ የምትውል ከሆነ ግን አትንካው፣ ቆላ ላይ ድብልቁ ይቀጥንና ሞተሩ ይግላል።