ኮሎራዶ ውስጥ ድብ አደን፣ ለምን ከመተኛቱ በፊት?

የአውሮራው
ሰላም ለሁላችሁ። የሥራ ባልደረባዬ ሴፕቴምበር ላይ ድብ አደን ካልሄድን ብሎ ወጥሮ ይዞኛል። ፈቃድ ምናምኑን እሱ ያውቃል። ግን ድብ ክረምቱን ሙሉ የሚተኛ ከሆነ ለምንድነው ሳይተኛ የሚታደነው? ያ ሁሉ ጫካ ውስጥስ የት ይገኛል?

ጫካው
የተኛ እንስሳ ጉድጓዱ ድረስ ሄዶ መግደል ምኑ አደን ነው ወንድሜ? ሕጉም አይፈቅድም። ስፕሪንግ (ከክረምቱ መውጫ) ላይ ማደን፣ በምግብ ማማለል፣ በውሻ ማሳደድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1992 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ከልክሎታል። ስለዚህ የቀረህ ፎል (ከክረምቱ በፊት ያለው ወቅት) ነው።

የት ላልከው፣ ድቡን ተወውና የሚበላውን ፈልግ። በዚህ ሰሞን በቀን እስከ 20 ሰዓት ሲበላ ይውላል፣ እስከ 20,000 ካሎሪ ያስገባል፣ ሆዱ ነው የሚመራው። ፍሬ የያዘ የኦክ ቁጥቋጦ ያለበት ተዳፋት ላይ ቅርንጫፎቹ ተሰባብረው፣ ዓይነ ምድሩም በፍሬ ልጣጭና በዱር ቼሪ ዘር ተሞልቶ ገና እርጥብ ሆኖ ካገኘኸው ቅርብ ነው። ከማዶ ተቀመጥና ጠዋትና አመሻሽ ላይ በባይኖኩላር እይ። ነፋሱ ከኋላህ ከነፈሰ ግን ልፋ ያለህ ነው፣ ሳታየው ጠረንህ ደርሶት ውልቅ ይላል።

ሠናይት ከዴንቨር
ከሁሉም በፊት ግልገል! ግልገል ያስከተለች እናት መምታት ወንጀል ነው። ብቻዋን መስላ ትታይሃለች፣ ልጆቿ ግን ቁጥቋጦ ውስጥ ወይ ዛፍ ላይ ይሆናሉ። ባልደረባህ ቸኳይ ከሆነ ያዘው፣ ዝም ብላችሁ ቆይታችሁ እዩ። ብርቱካናማ ሰደርያም እንዳትረሳ፣ በጠመንጃ ወቅት ግዴታ ነው።

የአውሮራው
እሺ አመሰግናለሁ። ሥጋውስ? ሰኮና የለው፣ አያመሰኳ፣ እናቴ ብትሰማ ቤት አታስገባኝም 😄

ጫካው
አንተ ባትበላም ጥሎ መሄድ አይቻልም፣ የሚበላውን ሥጋ ማውጣት ሕግ ነው። ባልደረባህ ይውሰደው። ብቻ ውስጡ 165 ፋራናይት እስኪደርስ ይብሰል በለው፣ ድብ ውስጥ ትሪኪኔላ የሚባል ትል ሊኖር ይችላል፣ ፍሪዘርም ላይገድለው ይችላል። ሴፕቴምበር ደሞ ገና ይሞቃል፣ ያ ሁሉ ስብ ሙቀቱን አፍኖ ስለሚይዝ ቶሎ ካልገፈፋችሁት ይበላሻል። በረዶ የሞላ ኩለር መኪናው ላይ ይኑር። ከዚያ ጭንቅላቱንና ቆዳውን በ5 ቀን ውስጥ ለዱር እንስሳት ቢሮው ማሳየት አለባችሁ፣ አፉ እንደተዘጋ እንዳይደርቅ በእንጨት ከፍታችሁ ያዙት፣ ዕድሜውን ለማወቅ ጥርስ ይነቅላሉ።

የአውሮራው
በቃ እኔ ባይኖኩላሩን እይዛለሁ፣ ገፈፋው የሱ ነው።