ደሞዜ ወር አይደርስም፤ ዕቁብ ልግባ ወይስ ባንክ ላስቀምጥ?

ጠያቂ፣ ከሰሚት

ሰላም ለሁላችሁ። 26 ዓመቴ ነው፣ አንድ የግል ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ። ተቆራርጦ እጄ የሚገባው 14,200 ብር ነው። ከጓደኞቼ ጋር ለተከራየነው ኮንዶሚኒየም የኔ ድርሻ 5,000፣ ትራንስፖርት 1,800 ገደማ፣ ለእናቴ ደግሞ 2,000 እልካለሁ። የቀረው 5,400 ለምግብና ለሌላ ሌላው መብቃት ነበረበት፤ ግን ወሩ በገባ በ17ኛው በ18ኛው ቀን የለም። ባለፈው ወር ከስልክ ተበድሬ ነው የጨረስኩት፣ ደሞዝ ሲገባ ብድሩ ተቆረጠና ይሄኛውንም ወር ጎድሎብኝ ጀመርኩ። አሁን መሥሪያ ቤት ልጆቹ ዕቁብ እየጀመሩ ነው፤ 20 ሰው፣ በወር 2,000። አንዱ ግቢ ይለኛል፣ ሌላዋ ባንክ አስቀምጪው ትላለች። ብሩ ምን ላይ እንደሚያልቅ እንኳን አላውቅም። ምከሩኝ።

የዕቁብ ዳኛ፣ ከመርካቶ

ልጄ፣ ሱቄን የከፈትኩት በዕቁብ ነው፣ ስለዚህ አትግቢ አልልሽም። ግን ዕቁብ ወለድ የለውም። በወር 2,000 እየጣልሽ 20 ወር ብትሄጂ የሚደርስሽ ያው 40,000 ነው። ዕጣው መጀመሪያ ላይ ከወጣልሽ ያለ ወለድ ተበደርሽ ማለት ነው፤ መጨረሻ ላይ ከወጣልሽ ደግሞ አበዳሪዋ አንቺ ነሽ፣ ብርሽንም የምታገኚው ጤፉም ዘይቱም ከጨመረ በኋላ ነው። ጥቅሙ ሌላ ነው። ዳኛው ይጠይቅሻል፣ ጓደኞችሽ ያዩሻል፣ ስለዚህ ሳትወጂ ትቆጥቢያለሽ። መሃል ላይ ብትታመሚ ግን ብሬን መልሱልኝ ማለት የለም።

ከ5,400 ላይ 2,000 ማንሳት ይከብድሻል። የምታምኛት ልጅ ፈልጊና አንድ ዕጣ ለሁለት ግቡ፤ በወር 1,000፣ ሲወጣ 20,000 ለየራሳችሁ። ብዙ ሰው እንደዚህ ነው የሚጀምረው።

ባንክ የምሠራ

እኔ ከዕቁቡም ከባንኩም በፊት ሌላ ነገር ልጠይቅሽ። ቴሌብርሽን ክፈቺና ያለፈውን ወር ዝርዝር አንድ በአንድ ደብተር ላይ ገልብጪው። በስልክ ሳይሆን በእጅሽ ጻፊው፣ ልዩነት አለው። እኔ ይህን ሳደርግ ያገኘሁት ትልቅ ወጪ አልነበረም፤ 60 ብር ማኪያቶ፣ 150 ብር ፓኬጅ፣ ዝናብ ስለዘነበ ራይድ፣ «እስከ ነገ 200 ላክልኝ» ያለ ጓደኛ። ሲደመር ከ2,000 በላይ ሆነ። የወረቀት ብር ሲወጣ ኪስ ሲሳሳ ይታወቅ ነበር፣ አሁን ግን ጣት ነክቶ ያልፋል።

ባንክን በተመለከተ ለቁጠባ የሚከፈለው ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ነው። በየወሩ 2,000 ብታስገቢ በዓመት የምታገኚው ወለድ 910 ብር ገደማ ነው። ይሄ የኑሮ ውድነቱን አይችለውም፣ ሀብታም እሆናለሁ ብለሽ አታስቀምጪ። የሚያስቀምጡት ለክፉ ቀን ነው፣ በፈለግሽ ሰዓት ስለምታወጪው። ቢያንስ የአንድ ወር የቤት ኪራይና ምግብ እስኪሞላ ድረስ ደሞዝ በገባበት ቀን፣ ገና ምንም ሳትነኪ 500ም ቢሆን ወደ ሌላ ሒሳብ አዙሪ። የዚያን ሒሳብ ካርድ ቦርሳሽ ውስጥ አትያዢው። የስልኩን ብድር ደግሞ ከፍለሽ ስትጨርሺ እባክሽ መልሰሽ አትውሰጂ፤ በየወሩ የምትከፍይው የአገልግሎት ክፍያ ከደሞዝሽ የሚቀነስ ነው።

ከኩዌት የተመለስኩ

እህቴ፣ ለእናትሽ ስለምትልኪው ማንም አላነሳውም። 7 ዓመት ኩዌት ሰው ቤት ሠርቻለሁ። ደሞዜን በሙሉ ወንድሜ ሒሳብ ላይ ነበር የምልከው፣ ቤት ይሠራልሻል ተብዬ። ስመለስ ቤትም ብርም የለም። ወንድሜ ሌባ አይደለም። የአንዱ ትምህርት ቤት፣ የአንዷ ሠርግ፣ የአባታችን ሕመም፣ ከዚያ ለቅሶው፤ ሁሉም እውነተኛ ወጪ ነው፣ ግን ይህ የቤተሰብ ነው ይህ ደግሞ የሷ ነው ብሎ የለየ አልነበረም። እኔም አልለየሁም። እናትሽን መርዳትሽን አታቋርጪ። ልኩን ግን ቁረጪና ንገሪያት፣ ተጨማሪ ሲመጣ «በዚህ ወር ያለኝ ይሄ ነው እማዬ» በይ። ያንቺ ድርሻ ደግሞ ባንቺ ስም ይቀመጥ፣ በማንም ስም አይሁን።

ጠያቂ፣ ከሰሚት

እግዜር ይስጣችሁ። ትናንት ማታ ደብተሩን ጻፍኩት። 1,940 ብር በትንንሹ ወጥቷል፣ ግማሹ እዚሁ መሥሪያ ቤታችን ሥር ካለው ካፌ። ደነገጥኩ። ግማሽ ዕጣ የምትገባ ልጅም አግኝቻለሁ፣ ለእናቴም ደውዬ ነገርኳት፣ አልተቀየመችም። አንድ ነገር ብቻ፤ የዕቁቡ ሰብሳቢ «ሁላችንም እንተዋወቃለን፣ ዋስ አያስፈልግም» እያለ ነው። ችግር አለው?

የዕቁብ ዳኛ፣ ከመርካቶ

አለው ልጄ። ዕጣ የደረሰው ሰው በማግስቱ ሥራ ቢለቅስ? ብር ከመውሰዱ በፊት ዋስ ጠርቶ ይፈርም፣ ደብተሩም ሰብሳቢው ያልሆነ ሰው እጅ ይሁን። እምቢ ካሉ ሌላ ዕቁብ ፈልጊ።