የጋራ ዕቅድ ረቂቅ፦ በሀዋሳ ግሩፖች ሳንታገድ በኮሚሽን መሸጥ

ፀሐፊ
ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ አቶቴ ተገናኝተን ድምፅ የምንሰጥበት ረቂቅ ዋና ሐሳብ ይኸው። አስተያየታችሁን እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ አስፍሩ። በስልክ ብቻ የሚነገረኝን አልጨምርም፤ ሁሉም ያየውና የተከራከረበት እንዲሆን ነው የምፈልገው።

በሀዋሳ ሰው ከሚበዛባቸው የቴሌግራምና የፌስቡክ ግሩፖች 12 እንመርጣለን፦ የቤት ኪራይ፣ የተማሪዎች፣ የእናቶች፣ ያገለገለ ዕቃ፣ የሰፈር። ለአድሚኖቹ በማኅበሩ ስም ደብዳቤ ይሄዳል። የፈቀዱልን ላይ ብቻ ከጥቅምት 1 እስከ ኅዳር 30፣ 60 ቀን እንሠራለን። 24 አባላት ስለሆንን ለእያንዳንዱ ግሩፕ አንድ ተጠሪና አንድ ተተኪ ይደርሰዋል። በመጀመሪያዎቹ 14 ቀናት ማንም የኮሚሽን ሊንክ (ሰው በእሱ ገብቶ ሲገዛ ሻጩ ኮሚሽን የሚከፍለን ሊንክ) አይለጥፍም። ከዚያ በኋላ በአንድ ግሩፕ በሳምንት አንድ ብቻ።

አንድ ሰው ለብቻው ሲያጠፋ የሚባረረው እሱ ነው። እኛ ግን ማኅበር ነን። አምስታችን በአንድ ቀን አንድ ዓይነት ጽሑፍ ከለጠፍን፣ ወይም አንዱ የለጠፈውን ሌላው «እኔም ገዝቼዋለሁ፣ አሪፍ ነው» እያለ ካጀበው፣ አድሚኑ የሚያየው አምስት ሰው ሳይሆን አምስት አካውንት የያዘ አንድ አጭበርባሪ ነው። ስለዚህ እርስ በርስ መተጃጀብን የሚከለክለው አንቀጽ 4 እንዲነካ አልፈልግም።

የታቦር አባል
ረቂቁን ወድጄዋለሁ፣ ግን 14 ቀን በዛ። ዕቃ የሚሰጡን ሻጮች ወር ሳይሞላ ውጤት ይጠይቃሉ። 5 ቀን ቢሆንስ?

ቴክኒክ ኮሚቴ
ወንድሜ፣ 14 ቀኑ እንዲሁ የተቀመጠ ቁጥር አይደለም። ብዙ የቴሌግራም ግሩፖች ቦት (በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም) አላቸው፤ ቦቱ አዲስ የገባ ሰው የለጠፈውን ሊንክ አድሚኑ ሳያየው ያጠፋል፣ አንዳንዱም ሰውየውን አብሮ ያስወጣል። ፌስቡክም ላይ አድሚኑ ሊንክ ያለበትን ፖስት ሲስተሙ በራሱ እንዲመልስ ማዘዝ ይችላል። ይህ ሁሉ ታልፎ ሰው ሪፖርት ቢያደርግባችሁ አድሚኑ መጀመሪያ የሚያደርገው ስማችሁን ነክቶ እስካሁን የጻፋችሁትን መፈለግ ነው። ከሊንኩ በፊት አንድም ቁም ነገር ካላገኘ አይመራመርም፣ ያስወጣችኋል። 10 ጊዜ የሰው ጥያቄ መልሳችሁ ካገኘ ግን ቢያንስ «ምንድን ነው ይሄ?» ብሎ ይጠይቃል። 14ቱ ቀን ያንን ታሪክ ማከማቻ ነው።

ስለ መታገድ ሌሎቹን ነጥቦችም ላስፍር፤ ረቂቁ ውስጥ በደንብ አልተብራሩም።

ቴሌግራም ላይ አካውንት በብዛት የሚገደበው ለማያውቁት ሰው ኢንቦክስ በመላክ ነው። ተቀባዩ «ስፓም» ብሎ ሪፖርት ሲያደርግ መልእክቱ ወደ ቴሌግራም አጣሪዎች ይሄዳል፤ ካመኑበት አካውንቱ ይገደባል። የተገደበ ሰው ለማያውቀው ሰው መጻፍም ሆነ በሕዝብ ግሩፖች መለጠፍ አይችልም፤ ቁጥሩን ለያዙለት ሰዎችና ቀድመው ለጻፉለት ግን መመለስ ይችላል። የመጀመሪያው ገደብ ብዙውን ጊዜ የጥቂት ቀናት ነው፣ ሲደጋገም ይረዝማል። «ስፓምቦት» የሚባለው የቴሌግራም ቦት ጋ ገብታችሁ «ስታርት» ስትሉ ተገድባችሁ እንደሆነና እስከ መቼ እንደሆነ ይነግራችኋል። በየሰኞው እያንዳንዱ ተጠሪ ይህን አይቶ ስክሪንሾቱን እዚህ ይለጥፍ።

ሁለተኛ፣ ያጠረ ሊንክ አንጠቀም። መድረሻው የተደበቀ ሊንክ ሰውም ቦትም አያምነውም። ሙሉ አድራሻው ቢረዝምም ይታይ።

ሦስተኛ፣ ዋጋ ግሩፕ ውስጥ አትጻፉ። በቴሌግራም ግሩፕ አንድ ተራ አባል የጻፈውን ማስተካከል የሚችለው 48 ሰዓት ብቻ ነው። ሻጩ በአራተኛው ቀን ዋጋ ቢጨምር የድሮው ዋጋ በስማችሁ ተጽፎ ይቀራል፤ ገዢው ሱቁ ደርሶ ሌላ ዋጋ ሲነገረው ውሸታም የሚባለው የለጠፈው ሰው ነው። በራሳችን ቻናል ላይ ያለ ፖስት ግን በማንኛውም ጊዜ ይስተካከላል። ስለዚህ ዋጋው ቻናላችን ላይ ይኑር፣ ግሩፕ ውስጥ የሚገባው የዚያ ፖስት ሊንክ ይሁን።

የመናኸሪያ አባል
ሌላ ሲም አውጥቶ ሁለተኛ አካውንት መያዝስ? አንዱ ቢታገድ በሌላው ይቀጠላል።

ቴክኒክ ኮሚቴ
አይሆንም፣ ረቂቁ ውስጥም በግልጽ ይከልከል። የኮሚሽን ሊንኩ ውስጥ ሽያጩ በማን በኩል እንደመጣ የሚያሳይ መለያ ኮድ አለ። አዲሱ አካውንት ያንኑ ኮድ ሲለጥፍ ያው ሰው መሆኑን ራሱ እየተናገረ ነው። የሀዋሳ አድሚኖች ደግሞ እርስ በርስ ይተዋወቃሉ፤ ስክሪንሾት ተቀባብለው በአንድ ማታ ከአምስት ግሩፕ ያስወጡናል። የታገደ ሰው የሚያደርገው ይህ ይሁን፦ ለአድሚኑ አንድ መልእክት ይልካል፣ ጥፋቱን ያምናል፣ የማኅበሩን ደንብ ያያይዛል፣ መልስ ካልመጣ አይደግምም። ተተኪውም 30 ቀን እዚያ ግሩፕ ሊንክ አይለጥፍም።

የታቦር አባል
እሺ፣ 14 ቀኑን ተቀብያለሁ። ግን «ከ10 አንዱ ብቻ ማስታወቂያ»፣ ዘጠኙ ለሰው የሚጠቅም መልስ ይሁን የሚለው የረቂቁ አንቀጽ ይስተካከል። ሬዲት በሚባለው የውይይት ድረ ገጽ ላይ ለዓመታት የኖረ ልማድ ነው፣ አውቀዋለሁ። እኛ ጋ ሲመጣ ግን ሰው ዘጠኝ ጊዜ «ልክ ነው»፣ «አመሰግናለሁ» ብሎ ቁጥሩን ይሞላል። የሚቆጠረው ምን ዓይነት መልስ ነው? ይጻፍ።

የሀይቅ ዳር አባል
እውነቱን ነው። የሚቆጠረው መልስ ጠያቂው ምንም ሳይገዛ የሚጠቀምበት መልስ ይሁን እላለሁ። ምሳሌ ላምጣ። መብራት በጠፋ ማግስት «ጥሩ ፓወር ባንክ የት አገኛለሁ?» የሚል ጥያቄ ይበዛል። መጥፎው መልስ «20,000 አለን፣ ኢንቦክስ» የሚለው ነው። ጥሩው እንዲህ ነው፦

«20,000 ሚሊአምፒር ሰዓት የሚባለው የውስጡ ባትሪ በ3.7 ቮልት ሲለካ ነው፤ 74 ዋት ሰዓት ማለት ነው። ወደ 5 ቮልት ተቀይሮ ሲወጣ፣ በመንገድ የሚባክነው ተቀንሶ፣ የምታገኙት 12,000 ገደማ ነው። ስለዚህ 5,000 ባትሪ ያለውን ስልክ ከ2 እስከ 3 ጊዜ ያህል ይሞላል እንጂ 4 ጊዜ አይሞላም። ስትገዙ ጀርባው ላይ በደቃቅ ጽሑፍ ‹ሬትድ ካፓሲቲ› (በእርግጥ የሚሰጠው መጠን) የሚለውን ፈልጉ፤ እሱ የሌለበትን ተጠራጠሩ። በእጃችሁም መዝኑት፤ 20,000 ተብሎ ከ300 ግራም በታች ከሆነ ውስጡ የተባለውን ያህል ባትሪ መኖሩን ተጠራጠሩ።»

ይህ መልስ ውስጥ ሊንክ የለም። ሰውየው «ታዲያ እንዲህ ያለው የት አለ?» ብሎ ከጠየቀ ያኔ ሊንኩ ይሰጠዋል፣ በሳምንቱ አንድ ውስጥም ይቆጠራል። ካልጠየቀ አይሰጠውም። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት እንዳይሆንብን።

ፀሐፊ
ይህን እንዳለ አንቀጽ 3 ውስጥ አስገብቼዋለሁ። «የሚቆጠር መልስ፦ ጠያቂው ሳይገዛ የሚጠቀምበት፣ ቢያንስ አንድ ቁጥር ወይም አንድ የመፈተሻ መንገድ ያለበት» ተብሏል።

ሂሳብ ያዥ
ስለ ኮዱና ስለ ገንዘቡ። ሁላችንም አንድ ኮድ ከተጠቀምን የትኛው ግሩፕ እንደሠራ አናውቅም፣ ኮሚሽኑን ስንካፈልም እንጣላለን። ለእያንዳንዱ ግሩፕ የተለየ መለያ ይሰጥ። ሻጩ በቴሌግራም ቦት ትዕዛዝ የሚቀበል ከሆነ በቦቱ ሊንክ መጨረሻ ላይ መለያ መጨመር ይቻላል፤ እስከ 64 ምልክት ይይዛል፣ የሚቀበለውም የላቲን ፊደል፣ ቁጥር፣ ሰረዝና የታች ሰረዝ ብቻ ነው። በአማርኛ የጻፋችሁት አይሠራም፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ቦት ለሌለው ሻጭ ደግሞ ወደ ቻናላችን የሚያስገባ ሊንክ ለየግሩፑ በተለያየ ስም እንፍጠር፤ በየትኛው ሊንክ ስንት ሰው እንደገባ ቴሌግራም ራሱ ይቆጥርልናል።

ኮሚሽን የሚከፋፈለው ገዢው ዕቃውን ከተረከበ 7 ቀን ካለፈ በኋላ ይሁን። ቀድመን ከተካፈልን ዕቃ ሲመለስ ከአባላት ኪስ ማስመለስ ይመጣል። ከሻጩ ጋር በቴሌብርም ይሁን በባንክ የሚደረግ ክፍያ ሁሉ ወደ ማኅበሩ ሂሳብ ገብቶ ነው የሚከፋፈለው።

አሁን ደግሞ በጣም የሚያሳስበኝ ነገር። ረቂቁ «በዚህ ሊንክ ከገዛችሁ ሻጩ ለእኔ ኮሚሽን ይከፍለኛል፤ የእናንተ ዋጋ አይጨምርም» ተብሎ ይጻፍ ይላል። የመጀመሪያው ግማሽ ሁልጊዜ እውነት ነው። ሁለተኛው ግን እውነት የሚሆነው ሻጩ ኮሚሽኑን ዋጋው ላይ ካልደረበ ነው። የሚደርብ ሻጭ አለ። ስለዚህ ከመለጠፉ በፊት ማኅበሩን የማያውቅ ሰው ያለ ኮድ ዋጋ ይጠይቅ። ሁለቱ ዋጋ እኩል ካልሆነ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ይውጣ፣ ከዚያም በላይ ያ ሻጭ ከዝርዝራችን ይውጣ።

የሕግ ጉዳይ ተከታታይ
እደግፋለሁ። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 እና የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላሉ። «ዋጋ አይጨምርም» ብሎ ጨምሮ መሸጥ በቀጥታ እዚያ ውስጥ ይገባል። መድኃኒት፣ ክብደት መቀነሻ፣ የቆዳ ማንጫ ክሬም በዚህ ዕቅድ ፈጽሞ አይካተቱ፤ ጤና ላይ የሚደርሰውን ጉዳት በኮሚሽን አንመልሰውም። የግሩፕ አባላትን ስልክ ቁጥር እየለቀሙ ዝርዝር መሥራትም ይከልከል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስላለ ብቻ አይደለም፤ ያ ዝርዝር የሚያገለግለው ለኢንቦክስ ነው፣ ኢንቦክስ ምን እንደሚያመጣ ደግሞ ከላይ ተጽፏል። ማኅበሩ በኮሚሽን ሲሠራ የትኛው የፈቃድ መደብ እንደሚመለከተው የከተማውን ንግድ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ እጠይቃለሁ።

የመናኸሪያ አባል
የአማዞን ሊንክስ ይካተት? በግሩፖቹ ውስጥ ውጭ አገር ያሉ የሀዋሳ ልጆች ብዙ ናቸው።

የሀይቅ ዳር አባል
በዚህ 60 ቀን ባይካተት ይሻላል። አማዞን ላይ ሰው ሊንኩን ከነካ በኋላ ኮሚሽን የሚታሰበው በ24 ሰዓት ውስጥ ለገዛው ነው፤ በዚያ ጊዜ ቅርጫት ውስጥ ካስገባው ደግሞ እስከ 90 ቀን። አዲስ አካውንት በ180 ቀን ውስጥ ቢያንስ 3 ሽያጭ ካላመጣ ይዘጋል። አማዞን ራሱ የሚያዘው የማሳወቂያ ዓረፍተ ነገርም አለው። ሕጉ ከአገር ውስጥ ሻጭ የተለየ ስለሆነ ተጠሪዎቹን ግራ ያጋባል። በኋላ ለብቻው እንየው።

የታቦር አባል
ቅሬታ ሲመጣስ? ሰው ግሩፑ ላይ ወጥቶ «ከእነሱ ሊንክ የገዛሁት ተበላሸ» ቢል?

ቴክኒክ ኮሚቴ
መልሱ እዚያው፣ በሰው ፊት ይሰጥ። «ኢንቦክስ እንነጋገር» ማለት የሚደበቅ ነገር ያለ ያስመስላል። ተጠሪው በ24 ሰዓት ውስጥ ሦስት ነገር ይጻፍ፦ ሻጩ ምን እንዳለ፣ ዕቃው የሚቀየርበት ቦታና ቀን፣ ካልተቀየረ ማኅበሩ ያንን ሻጭ እንደሚያቆም። ቅሬታው ይጥፋልኝ ብሎ አድሚኑን መለመን ክልክል ይሁን። ቅሬታው ከነመፍትሔው መቆየቱ ለእኛው ይጠቅመናል።

ሊቀመንበር
ሁሉንም አንብቤያለሁ፣ በብዙው እስማማለሁ። ያልተቋጨው ለአድሚኖች የሚሰጠው ነገር ነው። ሁለት አባላት ከእያንዳንዱ ሽያጭ ድርሻ እንስጣቸው ብለዋል። ድርሻው ለአድሚኑ ማራኪ ነው፤ ግን ከሽያጭ የሚያገኝ አድሚን የእኛን መጥፎ ፖስት ለማጥፋት እጁ ይከብደዋል፣ የሌላውን ጥሩ ፖስት ደግሞ ሊያጠፋ ይችላል። የግሩፑ አባላት ይህን የደረሱበት ቀን ግሩፑም እኛም እናበቃለን። የእኔ ሐሳብ፦ ክፍያ የሚጠይቅ አድሚን ካለ እንደማንኛውም አስተዋዋቂ በፖስት የተወሰነ ዋጋ እንክፈል፣ ፖስቱ ላይም «የተከፈለበት» ተብሎ ይጻፍ። ሌላውን በጉልበት እንክፈል፦ ተጠሪው በሳምንት አንድ ምሽት፣ ከ1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ ስለ ስልክና ስለ ኤሌክትሪክ ዕቃ የሚነሱ ጥያቄዎችን ያለ ሊንክ ይመልስ። ይህ ቅዳሜ በድምፅ ይወሰን።

ፀሐፊ
ለአድሚኖች የሚሄደውን ደብዳቤ በዚህ ቀርጬዋለሁ፦

«የተከበሩ የግሩፑ አስተዳዳሪ፣ ማኅበራችን በሀዋሳ በኮሚሽን ሽያጭ የተሰማሩ 24 አባላት አሉት። በግሩፕዎ አንድ አባላችን ብቻ በስሙ እንዲሳተፍ ፈቃድዎን እንጠይቃለን። በመጀመሪያዎቹ 14 ቀናት ሊንክ አይለጥፍም፣ ከዚያም በሳምንት ከአንድ አይበልጥም። ኮሚሽን የሚያስገኝ መሆኑ ከሊንኩ በፊት ይጻፋል። ለአባላትዎ ኢንቦክስ አይላክም። ፖስቱን ያለ ምክንያት ቢያጠፉ አንጠይቅም። ‹አይሆንም› ካሉን በሌላ ስም አንገባም።»

የሕግ ጉዳይ ተከታታይ
«በስሙ እንዲሳተፍ» ከሚለው አጠገብ የተጠሪው የቴሌግራም ስምና የተተኪው ስም ይግባ፤ አድሚኑ ማንን እንደፈቀደ ማወቅ አለበት። «በኮሚሽን ሽያጭ የተሰማሩ» የሚለውም «ዕቃ ስናሻሽጥ ከሻጩ ኮሚሽን የምንቀበል» ይባል። ብዙ አድሚኖች ኮሚሽን ሲባል የቤት ደላላ ነው የሚመስላቸው።

ፀሐፊ
ሁለቱንም አስተካክያለሁ። በ12ቱ ግሩፖች ተጠሪ መሆን የምትፈልጉ ስማችሁን ከግሩፑ ስም ጋር ከታች ጻፉ፤ ከዚህ በፊት ከታገዳችሁበት ግሩፕ ግን አትመዝገቡ።