በጮቄ ጉም ውስጥ ያነሣሁት ፎቶ ለምን አመድማ ሆነ? ከፊት እስከ ኋላስ እንዴት ጥርት ይላል?

ጥያቄ፣ ከደብረ ማርቆስ

በጥቅምት ወር፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ጮቄ ተራራ ላይ ከካሜራዬ አንድ ሜትር ያህል ርቆ የቆመውን ጅብራ የሚባል ተክልና ከኋላው በጉም የተሸፈነውን ሸለቆ አንድ ላይ ለማንሣት ሞከርሁ። ካሜራዬ ኤፒኤስሲ የሚባለው አነስተኛ ሴንሰር (ብርሃን ተቀባይ ሰሌዳ) ያለው ሲሆን፣ ሌንሱ ከ18 (ሰፊ እይታ) እስከ 55 ሚሊ ሜትር (አቅርቦ የሚያሳይ) ነው። ለዓይኔ እንደ ባዘቶ የነጣው ጉም በፎቶው ላይ አመድማ ሆነ። ጅብራው ላይ ፎከስ ሳደርግ ማዶ ያለው ተራራ ደበዘዘብኝ፤ አፐርቸሩን (የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ) እስከ ኤፍ 22 ባጠብበውም (ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል)፣ በአይኤስኦ (የብርሃን ትብነት ልክ) 100 ሹተሩ (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) ወደ 1/8 ሰከንድ ወርዶ ሁሉም ነገር ጥራት አጣ። ስሕተቴን ብታሳዩኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።

መልስ፣ ከባሕር ዳር

የጉሙን ነገር ላስረዳዎት። የካሜራው ብርሃን መለኪያ ያየው ነገር ነጭ ይሁን ጥቁር አያውቅም፤ የሚለካው ተንጸባርቆ የመጣለትን ብርሃን ብቻ ነው፤ ያንንም ወደ መካከለኛ ግራጫ ያመጣዋል። ስለዚህ ነጭ ጋቢ ብቻውን ቢያነሡ ይጠቁርብዎታል፣ ጥቁር ጀበና ብቻውን ቢያነሡ ደግሞ ይነጣብዎታል። ጉም አብዛኛውን ምስል ሲሞላ የኤክስፖዠር ማስተካከያውን (ፎቶውን የሚያነጣውን ወይም የሚያጠቁረውን ቅንብር) ወደ ፕላስ 1 (እጥፍ ብርሃን) ከፍ ያድርጉት፤ ካስፈለገም ትንሽ ይጨምሩበት። ወይም መለኪያውን ስፖት (ትንሽ ቦታ ብቻ የሚለካበት) ላይ አድርገው፣ በዚያው ብርሃን ያለ፣ ብሩህነቱ ለመካከለኛ ግራጫ የሚቀርብ እርጥብ ሣር ይለኩና ልኩን በማኑዋል (በእጅ ቅንብር) ይያዙት። ከዚያ ሂስቶግራሙን (በስተግራ ጥቁሩን፣ በስተቀኝ ነጩን የሚያሳየውን የብርሃን ሥዕል) ይመልከቱ፤ ክምሩ ወደ ቀኝ ይጠጋ እንጂ ከጠርዙ ጋር ተላትሞ አይቆረጥ። ጢስ ዓባይ ላይ በፀሐይ የሚያበራውን አረፋ ሳነሣ ይህን ካላየሁ የውኃው መልክ ይጠፋብኛል፤ ነጥቶ የጠፋውን ደግሞ በኋላ መመለስ አይቻልም።

መልስ፣ ከፍኖተ ሰላም

ኤፍ 22 የጎዳዎት በሁለት በኩል ነው። ብርሃን በጣም ጠባብ በሆነ ቀዳዳ ሲያልፍ ስለሚበተን ምስሉ በሙሉ ይለሰልሳል፤ በተጨማሪም በ1/8 ሰከንድ ውስጥ የጮቄ ነፋስ የጅብራውን ቅጠል ያወዛውዘዋል፣ ይህን ደግሞ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር መቆሚያ) አያስቆመውም። ወደ ኤፍ 11 ቢመለሱ ሹተሩ 1/30፣ አይኤስኦውን 400 ቢያደርጉ 1/125 ይሆናል፤ ለጉሙ ፕላስ 1 ሲጨምሩም 1/60 ይቀርልዎታል። ፎከሱን ጅብራው ላይም ተራራው ላይም አያድርጉት። በእርስዎ ካሜራ፣ በ18 ሚሊ ሜትርና በኤፍ 11፣ አንድ ሜትር ተኩል ላይ ፎከስ ቢያደርጉ ከ75 ሳንቲ ሜትር ጀምሮ እስከ አድማስ ድረስ ያለው ተቀባይነት ባለው ደረጃ ይጠራል።

መልስ፣ ከደጀን

በስሌቱ እስማማለሁ፤ ሆኖም ፎከሱ አንድ ሜትር ተኩል ላይ ሲሆን የማዶው ተራራ የሚጠራው ለጥቂቱ ስለሆነ፣ ፎቶው በትልቁ ሲታተም ድክመቱ ይታያል። እኔ ብሆን ሁለት ሜትር ላይ ፎከስ አደርግ ነበር፤ ያን ጊዜ ጥራቱ ከ86 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሚጀምር ጅብራው አያመልጥዎትም፣ ተራራውም የተሻለ ይጠራል። ሌንስዎ የርቀት ምልክት ከሌለው፣ ከካሜራው አራት ክንድ ርቀት ላይ ዱላ ይትከሉና ዱላው ላይ ፎከስ ያድርጉ፤ ቀጥሎም ፎከሱን ወደ ማኑዋል ቀይረው ዱላውን ከቦታው ያስወግዱት። ከዚያ በኋላ ዙሙን አይንኩት።

ጠያቂው

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በ55 ሚሊ ሜትርስ ልኩ ያው ነው?

መልስ፣ ከደጀን

አይደለም። በ55 ሚሊ ሜትርና በኤፍ 11 ፎከስ የሚያደርጉበት ርቀት ወደ 14 ሜትር ይሄዳል፣ ጥራቱም የሚጀምረው ከ7 ሜትር ገደማ ነው። ከእኛ አፋፍ ላይ ሆነው የዓባይን በረሃ ሲያነሡ ግን ቅርብ የሚቆም ነገር ስለሌለ፣ ኤፍ 8 ይዘው ፎከሱን ማዶው ገደል ላይ ማድረግ ይበቃዎታል።